ባሌ ጾመኛ ሆነ፤ እኔ ከማን ጋር ልብላ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው። የምንኖረው ገርጂ ሲሆን ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን፤ ልጅ ገና አልወለድንም። የተዋወቅነው በባልደረባችን ሠርግ ላይ፣ ምግብ ለማንሣት ስንሰለፍ ነው። ቀዩ ወጥ ከአልጫው እንዳይነካካበት ሳህኑ ላይ በእንጀራ ድንበር ሲሠራ አይቼ ሳቅሁበት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ወጥቶ መብላት የትዳራችን ሕግ ሆነ። የገባንበትን ቤት፣ ያዘዝነውንና የከፈልነውን የምንጽፍበት ወፍራም ደብተር አለን። ለእያንዳንዱ ምግብ ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። ነጥባችን ካልተስማማ ቤት እስክንደርስ እንከራከራለን። ቅቤው ውስጥ ኮሰረት በዛ አልበዛ ብለን ተኮራርፈን ያደርንበት ሌሊት ሁሉ አለ።

«ቀድሞ ሁለታችንም የምንጾመው ፍልሰታንና ሰሙነ ሕማማትን ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ባለቤቴ ዐቢይ ጾምን ከዘወረደ ጀምሮ ሃምሳ አምስቱንም ቀን ጾመ። ረቡዕና ዓርብን ያዘ፤ የሐዋርያትንም ጾም አልዘለለም። አከበርኩለት። ነገር ግን ቅዳሜ አብሮኝ ይወጣና ሻይ ብቻ ይዞ ተቀምጦ እኔ ስበላ ያየኛል። በበዓለ ሃምሳ እንኳን አብረን የበላነው አንድ ጊዜ ነው፤ ‹ስንት ትሰጠዋለህ?› ስለው ‹ተዪው› አለኝ። አንድ ቀን ደግሞ ደብተሩን አንሥቶ ‹ይህ የኃጢአት መዝገብ ነው› ሲል ደነገጥኩ። አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር ደብቄዋለሁ። ሥጋ ሲያምረኝ ከመሥሪያ ቤቴ አጠገብ ብቻዬን በልቼ፣ እጄን ደጋግሜ ታጥቤ፣ ከሌላ ወንድ ጋር የዋልኩ ይመስል እየተሳቀቅሁ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አማቴ ድሮም ‹ጭስ የማይወጣበት ቤት ምን ቤት ነው?› ይሉን ስለነበር በልጃቸው መለወጥ ደስ ብሏቸዋል። እርግጥ አባቱ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ማዘውተሩን አስተውያለሁ። ቅዳሜ ስለነበር ‹ቶሎ ና› ተብሎ የተደወለለት ክትፎ ቤት ሆነን ነው።

«እውነት ሆዳሞች ነበርን? ሳላምንበት ልጹም ወይስ ብቻዬን ልብላ?»

ባለደብተሯ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ ባለደብተሯ፣

ስለ ጾሙ፣ ስለ ደብተሩና ስለ አማትሽ በሰፊው ጽፈሽ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር «እርግጥ» ብለሽ በጀመርሽው መስመር ሸጉጠሽ አልፈሻል። እኔ ከዚያ መስመር ነው የምጀምረው።

ኅዳር 20 የነቢያት ጾም ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የባለቤትሽ አባት ጾመኛ ስለመሆናቸው አልነገርሽኝም፤ ግን ልጃቸው አሁን የያዘውን የጾም ልማድ ከሰማይ አላወረደውም፤ ከአንድ ቤት ያየው ነገር ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ምናልባት በጾም ላይ ሳሉ ታመው ተኝተው፣ ልጃቸው ጣባ ክትፎ ፊት ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጠራ። ማንም አይወቅሰውም። ያን ቀን ክትፎ ባያዝዝም ኖሮ አባቱ አይተርፉም ነበር። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሱም ያውቃል፤ ማወቁ ግን አላሳረፈውም። «የኃጢአት መዝገብ» ሲልሽ የሰባት ዓመቱን ገጾች ሁሉ የኮነነ መሰለሽ። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ዓይኑ ያረፈው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። እስቲ ደብተሩን ከጋቢው ሥር አውጪና ተመልከቺ፦ የኅዳር 20 ገጽ አለ? ነጥብ ተሰጥቶበታል? ነጥቡን የጻፈው ማን ነው?

ልሳሳት እችላለሁ፤ በደብዳቤ የሚታይ ሰው ግማሹ ብቻ ነው። ሆኖም አንቺው የጻፍሽው ማስረጃ አለ። ጉዳዩ የጾም ብቻ ቢሆን ኖሮ በዓለ ሃምሳ ሲገባ ሰውየሽ ይመለስልሽ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት የረቡዕንና የዓርብን ጾም እንኳን ታነሣለች። ብላ፣ ደስ ይበልህ የተባለበት ጊዜ ነው። እሱ በዚያ ወራት አንድ ቀን ብቻ ወጥቶ ነጥብ መስጠት አቃተው። ይህ ሰው ሐዘኑን አልጨረሰም፤ አንቺ ግን ለሰባት ወራት ስለ ምግብ ስትሟገቺው ኖረሻል።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። የጾም ሕጉን በደንብ የሚያውቅ ሰው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ በሻይ ብቻ አይቀመጥም። በዐቢይ ጾም እንኳን ቢሆን በቅዳሜና በእሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፤ ከቀዳም ሥዑር በስተቀር። የማይበላው ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና ዕንቁላሉ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ በየዓይነቱ አዝዞ አብሮሽ መብላት ይችል ነበር። ለምን አላዘዘም? አንደኛው ምክንያት ከላይ ያልኩት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን አንቺን ይመለከታል፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመርጪው ቤት ለጾመኛ የሚሆን ምግብ ነበረው? ወይስ እንደ ድሮው ክትፎ ቤትና ጥብስ ቤት ይዘሽው እየሄድሽ «ምነው አልበላህም?» ትዪው ነበር?

እንዴት ታነጋግሪዋለሽ? ምግብ ቤት ውስጥ አይሁን። ስለ ደብተሩም አትጀምሪ። ሁለታችሁ ቤት ስትሆኑ «አባባ ምን መብላት ይወዱ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ሰባት ዓመት በምግብ ስትነጋገሩ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ በሌላ ቋንቋ ለመጀመር መሞከር ያደናቅፋችኋል። ከመለሰልሽ ዝም ብለሽ ስሚ። ካለቀሰ ደግሞ ያልቅስ፤ ወንድ ልጅ በቀብር ቀን ብቻ አልቅሶ ይበቃዋል ያለው ማን ነው?

«ሆዳሞች ነበርን?» ላልሽው፣ አልነበራችሁም። ሆዳም ኮሰረት በዛ ብሎ አይኮራረፍም፤ ኮሰረት መኖሩንም አያውቅም። ሆዳም የበላውን አይጽፍም፤ የሚቀጥለውን ነው የሚያስበው። ደግሞም ደብተራችሁ ዛሬ ከሆድ በላይ የሆነ ዋጋ አለው። ፒያሳ በ2016 ከመፍረሷ በፊት በዶሮ ማነቂያ ቤቶች በልታችሁ ከሆነ፣ በዚያ ሠፈር ስንት ሲከፈል፣ ምን ሲበላ እንደነበር የጻፈ ሰው ብዙ አታገኚም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊትና በኋላ አንድ ቤት ለአንድ ክትፎ ያስከፈለውን ዋጋ ጎን ለጎን የያዘ ደብተር ለኢኮኖሚ ባለሙያም ይጠቅማል። እንዳትጥዪው። ከጋቢ ሥር መቀመጡም አያምርበትም።

አማትሽ ስለ ጭሱ ያሉትን በተመለከተ፣ ነቀፋው ከእሳቸው የተጀመረ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ በገንዘብ ገዝቶ መብላት እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ተመጋቢ ጠፍቶ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተውና ከፍለው እንዳስለመዱ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥት ያስለመደውን ነገር አንቺና ባልሽ ስላደረጋችሁት ጎጇችሁ አይፈርስም። ነገር ግን ስለ አማትሽ የጻፍሽውን መልሼ ሳነበው አንድ ነገር ቅር አለኝ። የጠቀስሻቸው በነቃፊነት ብቻ ነው። እኚህ ሴት ባላቸውን ከቀበሩ ዓመት አልሞላቸውም። ምሳቸውን ከማን ጋር ነው የሚበሉት? በሰባት ዓመት ቅዳሜ ውስጥ እሳቸው የተቀመጡበት አንድ ገጽ አለ? ሟቹስ ነበሩበት? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ባለቤትሽም ይህን አስቦት ይሆናል።

«ሳላምንበት ልጹም ወይ?» ብለሻል። ለባል ብለሽ አትጹሚ። ጾሙ የእግዚአብሔርና የአንቺ ጉዳይ ነው፤ ማማከር ካሻሽ የንስሓ አባት አለሽ፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም ክርክር ለእሳቸው ተዪው። አብሮ መብላት ግን መጾም አይደለም። ማንም ሰው በልቡ ሳይጾም የጾም ምግብ ሊበላ ይችላል። እዚህ ላይ ነው እንደ ምግብ ወዳጅ የማዝንብሽ፤ ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የጾም ምግብ ለአንቺ ሥጋው የጎደለበት ገበታ ነው።

እስቲ በሙያ እንነጋገር። ጥሩ ክትፎ የሚባለው ነገር ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ያለቀለት ነው፤ ሥጋው ጥሩ፣ ቅቤው በደንብ የተነጠረ ከሆነ ሠሪው ካላበላሸው በቀር ይጣፍጣል። ሽሮ ግን ምንም የሚደበቅበት የለውም። ሽንኩርቱ ሳይበስል ዱቄቱ ከገባ ታውቂዋለሽ። ዱቄቱ ሳይበስል ከወረደ ጉሮሮ ላይ ይነግርሻል። ቅመሙ ከከረመ ወዲያው ይሸታል። ተጋቢኖ አዝዘሽ በሸክላው እየተንተከተከ ሲመጣ፣ ዳር ዳሩ ላይ ዘይቱ ብቅ ብሎ መሐሉ ወፈር ያለ መሆን አለበት፤ ውኃው ከላይ ከተንሳፈፈ ከአምስት በላይ እንዳትሰጪው።

በየዓይነቱን ነጥብ መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አብዛኛው ሰው የሚያየው የወጡን ብዛት ነው፤ አሥር ዓይነት ተደርድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እኔ መጀመሪያ የምቀምሰው ምስሩን ነው። ቁሌቱ ረጋ ብሎ የበሰለ መሆኑ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አለማለቱ እዚያ ይታወቃል። ቀጥሎ ጎመኑን፤ ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው ከጎመኑ በፊት አፍ ላይ መድረስ የለባቸውም። እንጀራው ኮምጣጣነቱ በዝቶ ከሆነ የሥራ ቤቱን ሰው ሁሉ ልፋት ከንቱ ያደርገዋል። አዚፋ ካላቸው ጠይቂ፦ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚና ቃሪያ ያለበት ነው፤ ሰናፍጩ አፍንጫሽን ነካ አድርጎ ካለፈ ጥሩ ነው፣ ካስለቀሰሽ በዝቷል። ሱፍ ፍትፍት በአግባቡ የሚሠራ ቤት ካገኘሽ ሁለት ገጽ ስጪው። ሱፉን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በውኃ በጥብጦ ማጥለል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምግብ ቤቶች ሥራውን ስለሚጠሉት ከብዙ ሜኑ ላይ እየጠፋ ነው። የሽምብራ ዓሣም እንዲሁ። እነዚህን በከተማው እየዞሩ መፈለግ የደብተራችሁ ሁለተኛ ክፍል ሊሆን የሚችል ሥራ ነው፤ ቢያንስ ለረቡዕ፣ ለዓርብና ለአጽዋማቱ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ ከዓመቱ እኩሌታ ገደማ ነው። ከየት ልጀምር ካልሽ፣ በጾም ቡፌው ስሙ የቆየውን የጣይቱ ሆቴልን ሞክሩ።

የጾም ፒዛና የጾም በርገር የሚባሉትን ግን ተዪልኝ። አገሩ ሙሉ ስልጆና ቡቲቻ እያለ አይብ የሌለው ፒዛ ላይ ገንዘብ ማውጣት ምን ይሉታል? ይህ የግል ጥላቻዬ ነው፤ ወዳጆቼ ይጣሉኛል።

ገንዘቡንም አንሺበት። ሁለት ሰው ክትፎ ቤት ገብቶ ሲወጣ፣ በምግቡ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደርቦ የሚከፍለውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ ደብተሩ በእጅሽ ነው። የጾም ገበታ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያንሳል። ልዩነቱን ለብቻው አስቀምጡት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፦ ሙት ዓመቱ በኅዳር 20 ሲውል በነቢያት ጾም ውስጥ ነው። ያን ቀን ለካህናቱ፣ ለዘመዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉት ነዳያን የሚቀርበው ምግብ ሁሉ የጾም ይሆናል። የዚያን ቀን ምግብ ኃላፊነት አንቺ ውሰጂው። «ይህ የኔ ሥራ ነው» በዪው። ድግስ አዘጋጅ ጠርቶ ሒሳብ ከፍሎ መገላገል ይቻላል፤ አንቺ ግን ምስር ከምስር የምትለዪ ሰው ነሽና ገበታው የአንቺ ይሁን። ለአባቱ ማድረግ የምትችዪው ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይታየኝም፤ ለእሱም እንደዚሁ።

ሽሮውን ከሱቅ አትግዢ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲጠና፣ በጥቅምት፣ ከአማትሽ ጋር አዘጋጁት። ሽምብራውን ቆልቶ፣ ከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር አስጥቶ ማስፈጨት ቀናት ይወስዳል፤ እነዚያን ቀናት ከእሳቸው ጋር ትውያለሽ ማለት ነው። ሲነቅፉሽም ስሚያቸው፤ ስለ ቅመም መጠን የሚነቅፍ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ስልጆውም በዋዜማው የሚደርስ ነገር አይደለም፤ የባቄላው ዱቄት ከሱፉ ውኃ ጋር በስሎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት መፍላት አለበት። ከሙት ዓመቱ ሳምንት በፊት ካልጀመርሽው አይደርስልሽም። እኔ ብሆን በፍልሰታ በትንሽ እንስራ እሞክረዋለሁ፤ መጀመሪያ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ወይ ይመራል ወይ ይቀጥናል።

ተደብቆ ሥጋ መብላቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ሥጋውን አላልኩም፤ መደበቁን ነው። ማታ ስትገቢ «ዛሬ ምሳዬን ጥብስ በላሁ» በዪው፣ አለቀ። ቢከፋውም ከሚሸት እጅና ከሚሳቀቅ ፊት የሚሻል ነው።

የሚቀጥለውን አንቀጽ ደግሞ ለባለቤትሽ አሳዪው።

ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርልህ። የያዝከው መንገድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሚስትህ ስትበላ ሻይ ይዘህ ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ የምታያት ከሆነ፣ ዓይንም አንደበትም ይጹም የሚለውን ትምህርት ዘልለኸዋል። አንተና እሷ ለሰባት ዓመት አብራችሁ የጻፋችሁትን ነገር ኃጢአት ብለህ ስትጠራ አንተ ንስሓ የገባህ መስሎህ ይሆናል፤ እሷ ግን የሰማችው «ካንቺ ጋር የኖርኩት ዘመን ጸጸተኝ» የሚል ነው። ያን ማለትህ ካልሆነ ንገራት። ኅዳር 20 የሆነውንም ብቻህን አትሸከመው።

ወዳንቺ ልመለስ። ፍልሰታ ደርሷል፤ ድሮም ሁለታችሁም የምትጾሙት ስለሆነ ማንም ማንንም መለመን የለበትም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ነሐሴ 2 ነው። አማትሽን ይዛችኋቸው ውጡ። እምቢ ቢሉ፣ ምናልባትም ይላሉ፣ ሁለተኛ ጠይቂያቸው፤ በእኛ አገር በመጀመሪያው ጥሪ የሚነሣ አማት የለም። ሕዝብ የሚጋፋበትና ሙዚቃው የሚጮኽበት ቤት አትምረጪ፤ ሐዘንተኛ ናቸው። በየዓይነቱን ለሦስት በአንድ ትሪ አስቀርቢ። ጉርሻ ከእሳቸው ይጀመር። ደብተሩ በቦርሳሽ ውስጥ ይኑር እንጂ እሱ ካልጠየቀሽ አታውጪው።

ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ ዘንድሮ ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ክትፎ ካማራችሁ የት እንደምትሄዱ እሱ ይምረጥ። የኅዳሩን ቤት ስም አንቺ እንዳታነሺ፤ እሱ ካነሣው ግን «ይቅርብን» ሳትዪ አብረሽው ሂጂ።